የአስማሚው ዜሮ

እኔ በነበርኩበት አገር ቁጥር ብቻውን አይለቀቅም። ወገን የሌለው ቁጥር ከተገኘ ወደ ቢሮ ይወሰዳል፣ ይመከራል፣ ይቃናል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሰው ፊት የሚቀርበው። ይህን የሚሠራው ሰው የውጤት አስማሚ ይባላል። እኔ፣ ይበልጣል፣ አሥራ አንድ ዓመት የውጤት አስማሚ ነበርኩ። ክፉ ሰው አይደለሁም፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የሚያምነኝ ስለማላገኝ ነው። ደግሞም ይቅርታ አድርጉልኝና የምጽፈው በቁሜ ነው። መቀመጥ ካቃተኝ ወራት አልፈዋል፤ ስቀመጥ ግራ እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ ጠረጴዛው አብሮት ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ይቆጣኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአገራችን ተማሪ የፊዚክስ ሥራውን ከሠራ በኋላ በስልክ ያነሣውና ኢንተርኔት ላይ ባለው የጋራ ማሳያ ይለጥፈዋል። ማሳያው የሁሉም ነው። የጀሪካን ክዳን ጎማ አድርጎ መኪና ያስኬደ አለ፤ በተሰበረ መስታወት ዕንቁላል የቀቀለ አለ፤ ሁለት የቲማቲም ድልህ ጣሳ በሲባጎ አገናኝቶ ከጎረቤት ልጅ ጋር ያወራ አለ። አብዛኛው ግን ድንጋይ በክር አንጠልጥሎ እያወዛወዘ የምድርን ስበት የሚለካ ነው። ከእያንዳንዱ ሥራ ሥር ሁለት ቁልፍ አለ። አንዱ «ጎሽ» ይላል፤ እሱን ማንም ይጫነዋል። ሁለተኛው «እኔም ሠራሁት» ይላል፤ ያንን የሚጫነው ሥራውን ራሱ ደግሞ የሞከረ ሰው ብቻ ነው። የማሳያው ክብር ይኸው ሁለተኛው ቁልፍ ነበር።

እንግዲህ ስበት በመጽሐፉ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ነው። ልጆቹ ግን ክሩ ይሳብባቸዋል፣ ቆጣሪውን ያስነጥሰዋል፣ ዘጠኝ ነጥብ አንድ ይዘው ይመጣሉ። አሥራ አንድ ያመጣም ነበር። ታዲያ እኔ ቁጥሩን ሰርዤ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት እጽፍና ማኅተም አደርጋለሁ። ልጁ ደስ ይለዋል፤ አስተማሪው ደስ ይለዋል፤ ስበትም ቅር ያለው አይመስለኝም። የተለካው ነገር በመጽሐፍ ከሌለ ደግሞ ደንቡ «ሰው ከሚያውቀው ጋር ይስማማ» ይላል። አስማሚ ያልነካው ቁጥር ካለ እስከ ቀትር ጠብቆ እንዳለ ይለጠፋል የሚል አንቀጽም ነበረ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ግን ሳንነካው ቀትር የደረሰ አንድም ቁጥር የለም። ሰነፍ ሠራተኞች አልነበርንም።

አንድ ጠዋት ስልሳ ሁለት ሥራ ቀረበልኝ። አርባ ሦስተኛው ትርንጎ የምትባል የዚያችው የእኛ ከተማ ተማሪ የላከችው ነው። ርእሱ «የከተማችን የውሃ ማማ ስንት ጣት ዘሟል?» ይላል። በእኛ አገር አጭር ርዝመት በጣት ነው የሚለካው፤ በማን ጣት እንደሆነ ደንቡ አይናገርም። ልጅቷ ከግንበኛ አጎቷ ቱንቢ ትዋሳለች። ቱንቢ ማለት ግንበኞች ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያዩበት፣ ጫፉ ላይ ሹል ብረት የታሰረበት ክር ነው። ከማማው መሰላል አናት ላይ ታንጠለጥለዋለች፤ ብረቱ ታች ሲደርስ ከማማው እግር ምን ያህል እንደራቀ በየቅዳሜው ትለካለች። አንደኛ ሳምንት ሦስት ጣት። አራተኛ ሳምንት ሦስት ከግማሽ። ስምንተኛ ሳምንት አራት ከግማሽ። ጽሕፈቷ ያምራል። የቱንቢውንም ፎቶ አያይዛለች።

ማማውን አውቀዋለሁ። አራት የሲሚንቶ እግር ያለው፣ አናቱ ላይ ትልቅ የውሃ ጋን የተሸከመ ማማ ነው፤ ከቢሮዬ መስኮት ይታያል። ቀጥ ያለ መሆኑን ሰው ሁሉ ያውቃል። አራት ከግማሹን ሰረዝኩና ዜሮ ጻፍኩ። ስምንት ሳምንት፣ ስምንት ዜሮ። ርእሱንም «የከተማችን የውሃ ማማ ቀጥ ያለ ነው» ብዬ አቃናሁት። ማኅተሜን መታሁ። አርባ አራተኛውን ሳነሣ ሻዬ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

ሥራው ተወደደ። ከተማው እንዲህ ያለ መልካም ዜና ከሰማ ቆይቶ ነበርና «ጎሽ» እንደ ጉድ ዘነበ። ልጅቷ ዙሪያው ወርቃማ የሆነ የምስክር ወረቀት ተላከላት፤ ዜሮውም፣ ማኅተሜም ያለበት። ከየትምህርት ቤቱ ልጆች ክር እየያዙ ወደ ማማው ጎረፉ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው «እኔም ሠራሁት» ብሎ ተጫነ። ሁሉም ዜሮ። አንዱ ከሥሩ የጻፈው አስተያየት አይረሳኝም፤ «የእኔ ክር መጀመሪያ አምስት ጣት አለኝ። አፈርኩ። ተቆጥቼው ደግሜ ስለካ ዜሮ ሆነ። ማሳያውን አመሰግናለሁ።» እርግጥ አምስት ብለው ድርቅ ያሉ ሰባት ልጆች ነበሩ። እነሱን እኔው አስማማኋቸው።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት የደንብ ልብስ የለበሰች ልጅ ቢሮዬ ገባች። ክር እጇ ላይ ጠምጥማለች።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አስማሚው እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ትርንጎ እባላለሁ። የማማው ነኝ።»

«ኧረ እንኳን ደስ ያለሽ የኔ ልጅ! ሥራሽ እኮ አገር ጉድ አሰኘ።»

«ሥራው የእኔ አይደለም» አለች። «እኔ ዜሮ አላገኘሁም።»

«ተስማምቶልሽ ነው። የሁሉም ይስማማል፤ አትጨነቂ።»

«ከማን ጋር ነው የተስማማው?»

በአሥራ አንድ ዓመት ይህን የጠየቀኝ የለም። «ከ… ከሚታወቀው ጋር» አልኳት።

«ጋሼ፣ እናቴ ከማማው ሥር ነው ጉሊት የምትቸረችረው» አለች። «የለካሁት እሷ ከዚያ እንድትነሣልኝ ብዬ ነው። የሚዘመው ወደ እሷ ነው። በቃል ብነግራት አልሰማ አለችኝ፤ ‹ወረቀት አምጪ› አለችኝ። ወረቀቱ ሲመጣ ዜሮ ይላል። አሁን ላስቲክ አልብሳ ከራሷ በላይ ሰቅላዋለች። የት መሰልዎት? ማማው እግር ላይ! ‹እማዬ ተነሽ› ስላት ‹የገዛ ወረቀትሽ ዜሮ ይላል› ትለኛለች። ‹ቀይረውብኝ ነው› ስላት ‹ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አረጋግጦልሽ!› ትለኛለች።»

በመስኮቱ ማማውን አየሁት።

«እኔ ራሴ እኮ…» አለች፣ ክሩን ከእጇ እየፈታች መልሳ እየጠመጠመች፣ «አንዳንዴ ጥፋቱ የክሬ ይሆን እንዴ እላለሁ።»

እግሬ መንቀጥቀጥ የጀመረው የዚያን ሰዓት ነው። ሌላውን ሁሉ እችለው ነበር። ያቺ ልጅ ክሯን መጠራጠሯ ግን አንጀቴን በላው።

ወደ አለቃዬ ወደ አቶ ልሳነወርቅ ሄድኩ። አቶ ልሳነወርቅ ሰው ላይ ጮኸው የማያውቁ፣ ከኮታቸው ኪስ ቆሎ የማይጠፋ ሰው ናቸው። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ቆሎ ያዘግናሉ።

«ዝገን፣ ይበልጣል።»

«ቆሎውስ ይቆየኝ። አንድ ዜሮ ልመልስ ፈልጌ ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ አራት ከግማሽ።»

ማላመጣቸውን አቆሙ። «ዜሮ አይመለስም። ቅጽ የለውም። ለማስማማት ሰባት ዓይነት ቅጽ አለን፤ ለመመለስ አንድም የለን። ለምን ይመስልሃል?»

«ሴትየዋ ከሥሩ ተቀምጣለች፣ ጌታዬ።»

«አንተ የምታየው አንድ ማማ ነው። እኔ የማየው ሁሉንም ቁጥር ነው። አንዱን ከመለስን ሌላው ‹እኔስ?› ይላል። ዛሬ ማማው፣ ነገ ስበቱ። ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ራሱ ሊላላ ይችላል። እሱ ከላላ ሰው ምን ይዞ ይቆማል?»

ይህን ያሉት ከልባቸው ነበር። በሁለት እጃቸው ጠረጴዛውን ይዘዋል። እኔም ሳላስበው ወለሉን በእግሬ ጫን ጫን አደረግኩት።

ቢሆንም ደግ ሰው ናቸውና ኮሚቴ አቋቋሙልኝ። አንድ የክር ባለሙያ፣ አንድ የማማ ባለሙያ፣ አንድ ደግሞ ከየትኛውም ኮሚቴ የማይጠፋ ሰው። ረፋድ ላይ ማማው ጋ ሄደው ለኩ። አምስት ጣት አገኙ። ሦስቱም አዩት፤ እኔም አጠገባቸው ነበርኩ። ምሳ በልተው ሲመለሱ ውሳኔው ተነበበ፤ «ማማውና ክሩ አልተስማሙም። ማማው ከቆመ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ክሩ ከሱቅ የተገዛው ባለፈው ወር ነው። ስለዚህ የዘመመው ክሩ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብነግራችሁ ታጋንናለህ ትሉኛላችሁ። «የክር ማቃኛ መመሪያ» ወጣ። በየሰኞው የከተማው ግንበኛ ሁሉ ቱንቢውን ይዞ ከማማው ሥር ይሰለፋል፤ ባለሙያው ክሩን ከማማው ጋር እያስተያየ በስንት ጣት መቃናት እንዳለበት ጽፎ ይሰጠዋል። አዲስ የሚሠራ ግድግዳ ሁሉ በዚያ ተሠራ። የፖስታ ቤቱ በር ዘግተውት ዞር ሲሉ ይከፈት ጀመር፤ ዘበኛ ተቀጠረለት። ልብስ ሰፊው ቤት ክር መጠቅለያው ከጠረጴዛ በወደቀ ቁጥር የሚገኘው አንድ ጥግ ነው፤ ሰውየው መፈለግ ቀረልኝ ብሎ መረቀን። የትምህርት ቤቱ የኳስ ሜዳም በመመሪያው ተስተካከለ። ከዚያ ወዲያ ጎል የሚገባው በአንድ በኩል ብቻ ሆነ። ቡድኖች ዕጣ የሚጣጣሉት ለቁልቁለቱ ነው። ሰው ለመደ። ሰው ምን የማይለምደው አለ?

እኔ ግን አልለመድኩም። እንቅልፌ ሄደ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ጋኑ ሲሞላ ይታየኛል። መኪና በመንገድ ባለፈ ቁጥር መስኮት ጋ እሮጣለሁ። ማማው ቆሟል፤ ተመልሼ እቀመጣለሁ፤ ሌላ መኪና ይመጣል። ባልደረቦቼ «ይበልጣል ምን ነካው?» ይባባላሉ።

አንድ ቅዳሜ ከጋቢዬ ጫፍ ክር መዘዝኩ፣ የቤቴን ቁልፍ አሰርኩበትና ወደ ማማው ሄድኩ። አስቡት እንግዲህ፤ አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቁጥር ሳቃና ኖሬ አንድ ቀን እንኳ በእጄ ለክቼ አላውቅም። መሰላሉን ወጣሁ፤ ክሩን አናቱ ላይ አስሬ ቁልፉን ለቀቅኩት። ወርጄ ለካሁ። አምስት ጣት ከሩብ። ልጽፈው ወረቀት ሳወጣ እጄ በገዛ ፈቃዱ ዜሮ ሊጽፍ ሄደ። በሌላው እጄ ያዝኩት። ከዚያ ቀና ብዬ ሳይ ከማማው እግር ላይ በላስቲክ የተሸፈነው ወረቀት አለ፤ ከወረቀቱ ሥር ቲማቲም መደብ መደብ እያደረጉ የሚደረድሩ ሴትዮ አሉ። ወይዘሮ ዘርትሁን ናቸው፤ የትርንጎ እናት።

«ቲማቲም ነው ሽንኩርት?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«እኔ… አስማሚው ነኝ።»

ብድግ አሉ። ሊስሙኝ ምንም አልቀራቸው። «እርስዎ ነዎት! የልጄን ወረቀት ያተሙት! ኑ እዩዋቸው፣ ኑ!» ብለው ጉሊቱን ሰበሰቡት። «ይሄ ወረቀት ከተሰቀለ ወዲህ ገበያዬ ጨምሯል፣ ዕድሜ ለእርስዎ! ሰው ሁሉ አንብቦት ነው የሚያልፈው። ትርንጎዬ ግን አፋር ናት፤ ሲያሞግሷት ታለቅሳለች።»

«ወይዘሮ ዘርትሁን፣ ከዚህ ይነሡ።»

«ምን ሆኜ?»

«ማማው ዘሟል።»

ሳቁ። «ልጄ እኮ ለካችው! ዜሮ ነው!»

«እሷ ዜሮ አላለችም።»

ሳቁ ፊታቸው ላይ ደረቀ። «ልጄ ዋሽታለች ነው የሚሉኝ? በሰው ፊት?»

«አልዋሸችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ቃሪያ ስትመርጥ የነበረች ሴት ቃሪያውን እንደያዘች ቀረች። እኔም አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አቃተኝ። «እሷ የጻፈችው አራት ጣት ከግማሽ ነው። ሰርዤ ዜሮ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሳላይ፣ ሳልለካ፣ ሻይ እየጠጣሁ። እነዚያ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም ያዩት ዜሮ አይደለም፤ የእኔን ዜሮ ፈርተው ነው። አሁን ለካሁ። አምስት ከሩብ ሆኗል። የሚመጣውም ወደ እርስዎ ነው።»

ወይዘሮ ዘርትሁን ወረቀቱን አዩ፤ ማማውን አዩ፤ እኔን አዩ። ይጮሁብኛል፣ ቲማቲም ይወረውሩብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢወረውሩብኝ ደስ ባለኝ።

«ልጄ» አሉ፣ «እግሬ ላይ ወድቃ ‹ተነሽ እማዬ› ስትለኝ ‹ዝም በይ፣ ወረቀትሽን አታዋርጂ› ብያታለሁ። ከወለድኳት ልጅ አፍ የእርስዎን ማኅተም አመንኩ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሞኙ ማን እንደሆነ ያን ቀን ሁላችንም አውቀነዋል። እሳቸው አልነበሩም።

ወረቀቱን አወረዱት፤ ላስቲኩን ቀደዱት፤ ከመቀነታቸው እስክሪብቶ አውጥተው ሰጡኝ። «የልጄን ቁጥር ይጻፉ።»

ዜሮውን ሰርዤ አራት ከግማሽ ጻፍኩ። ዛሬ አምስት ከሩብ ብዬ ጨመርኩበት።

«ማኅተምስ?»

«ማኅተሙ ቢሮ ነው።»

«ይቅር። ስምዎን ይጻፉ።»

ጻፍኩ። ወረቀቱን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። «በሉ አሁን ይሄን ሣጥን ያንሡልኝ! ቆመው ያዩኛል እንዴ?»

ሣጥኑን ተሸክሜ መንገዱን ተሻገርን። ጎረቤቶቻቸው «ወረቀት አሳበዳት» ብለው ሳቁ። ይሁንና ወይዘሮ ዘርትሁን ምራቂ የሚያበዙ ሴት ናቸው፤ ገዢው ተከተላቸው። ገዢውን ሽንኩርት ሻጯ ተከተለች። እሷን ደግሞ ቃሪያ ሻጯ፣ ወሬ ብቻዋን አይሆንላትምና። በዘጠኝ ቀን ጉሊቱ ሁሉ ተሻገረ። ማማውን ፈርቼ ነው ያለ አንድ ሰው የለም። ሁሉም «ገበያው ወደዚያ ሄደ» ነው የሚለው። በአሥረኛው ቀን የስንብት ደብዳቤዬ ደረሰኝ። «ከቢሮው ጋር መስማማት ያልቻለ አስማሚ» ይላል። ደብዳቤው ላይ ያለው ማኅተም የእኔው ነበር፤ ሌላ ሰው ይዞታል።

ነገሩ እዚህ ያበቃ መስሎኝ ለአንድ ሳምንት እግሬ ዐርፎ ነበር። ምን ዋጋ አለው! ከማማው ሥር ያለው ቦታ ባዶ ሆነ፤ ባዶ ቦታ ደግሞ ሰው ያስወራል። ወሬውን ለመግታት የውጤት ማስማሚያ ቢሮ ለማማው ያለውን እምነት በተግባር አሳየ። በአራቱ እግሮች መካከል የቆርቆሮና የመስታወት ቤት ተሠራ፤ ቢሮው ሙሉ በሙሉ እዚያ ገባ። አብሬያቸው ምሳ የበላሁ አሥራ አንድ አስማሚዎች፣ አሥራ ሁለተኛ አቶ ልሳነወርቅ። የወይዘሮ ዘርትሁን ቲማቲም የነበረበት ቦታ ላይ አሁን የማኅተም መደርደሪያ ቆሟል።

እኔ ከመንገዱ ማዶ የወይዘሮ ዘርትሁንን ሣጥን አወርዳለሁ፣ እጭናለሁ። ትርንጎ ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ትለካና ቁጥሩን ለእናቷ ጮክ ብላ ትነግራለች። እናቷም በየቀኑ «አልተሳሳትሽም?» ማለት ትተዋል፤ «እሺ እመቤቴ» ብቻ ነው የሚሏት። ከዚያ ልጅቷ እዚያው ቆማ በስልኳ ወደ ማሳያው ትልከዋለች። አምስት ከግማሽ ትልካለች፤ ዜሮ ሆኖ ይለጠፋል። ስድስት ትልካለች፤ ዜሮ። አንድ ቀን ብስጭት አልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ዜሮ እንደሚያደርጉት እያወቅሽ ለምን ትደክሚያለሽ?»

«ዜሮ የሚያደርገው ሰው ለመሰረዝ ሲል አንዴ ያነበዋል፣ ጋሼ» አለችኝ። «እርስዎም አንብበውት ነበር።»

ወደ ሣጥኔ ተመለስኩ።

እኔ ደግሞ በየቀኑ በረፍት ሰዓት የዚያን ቢሮ በር አንኳኳ ነበር። «ስድስት ጣት ደርሷል፣ እባካችሁ ውጡ» እላለሁ። «ይበልጣል፣ ግባና ሻይ ጠጣ» ይሉኛል። አይስቁብኝም እንኳ፤ ያዝኑልኛል። አብረን የሠራን ሰዎች ነን።

አቶ ልሳነወርቅ ግን በየጠዋቱ መንገዱን እየተሻገሩ አንድ መደብ ቲማቲም መግዛት ጀመሩ። ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው፤ ያን ሁሉ ቲማቲም ምን እንደሚያደርጉት እግዜር ይወቅ። ሲከፍሉ ወደ ማማው ጀርባቸውን ሰጥተው «ዛሬ ስንት ነው?» ይላሉ በዝግታ። ትርንጎ ትነግራቸዋለች። «ዜሮ ብዬ ነው የማሳልፈው» ይሏታል። «ይሁን» ትላቸዋለች። ሰላምታ ሰጥተው ይመለሳሉ። እኔ ግን የለመደ ዓይን አለኝና ጠረጴዛቸውን አየዋለሁ። ቤቱ ሲሠራ መሐል ላይ ነበር። በወሩ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ከዚያ ወደ በሩ። ባለፈው ሳምንት ሁለት እግሩ ውስጥ፣ ሁለት እግሩ ውጭ ነበር። ሰው ሲጠይቃቸው «ብርሃን ፈልጌ ነው» ይላሉ።

ዛሬ ጠዋት ቲማቲሙን አልገዙም። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ስድስት ከግማሽ» አለች ትርንጎ፣ ሳይጠይቋት።

«ልጆቹን እንዴት አድርጌ ላስወጣቸው?» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። ልጆቹ የሚሉት አሥራ አንዱን አስማሚዎች ነው።

«ቁጥሩን ይንገሯቸዋ!»

«አስተምሬያቸዋለሁ እኮ፣ ይበልጣል» አሉ። «ማንኛውንም ቁጥር ብነግራቸው ያስማሙታል። እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው።»

ትርንጎ እጇ ላይ የጠመጠመችውን ክር ፈታችና ከነብረቱ ሰጠቻቸው። «አይንገሯቸው» አለች። «ያሳዩአቸው።»

ተቀበሏት። ቆሎ ከሚይዙበት ኪስ ውስጥ ከተቱትና መንገዱን ተሻገሩ። ከጠረጴዛቸው ኋላ ተቀመጡ፣ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ። እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። ትርንጎ ትምህርት ቤት መሄዱን ትታ ከእናቷ አጠገብ ቆመች። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሰዓት ሆነ። እኔ አንድ ሣጥን ሦስት ጊዜ ጭኜ ሦስት ጊዜ አወረድኩ። ወይዘሮ ዘርትሁን «ኧረ ዕረፍ፣ ሰውዬ፣ ቲማቲሙን ፈጨኸው!» ብለው ጮኹብኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አሉኝ።

አምስት ተኩል ላይ ተነሡ። በወንበራቸው ላይ ቆሙና ክሩን ከበሩ ጉበን ጥግ አንጠለጠሉት። ያ በር በመመሪያው መሠረት የተሠራ በር ነው። ብረቱ እየተወዛወዘ ወርዶ ቆመ። ከላይ ክሩ በሩን ነክቷል፤ ከታች ጫማ የሚያስገባ ክፍተት ሆነ። ወርደው ከበሩ ፈቀቅ አሉ፣ ሁሉም እንዲያየው። በመስታወቱ ውስጥ አሥራ አንድ ራስ ከወረቀት ላይ ሲነሣ አየሁ። አሥራ አንዱም አንገታቸውን መጀመሪያ ወደ ክሩ፣ ቀጥሎ ወደ በሩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ጣሪያው አነሡ።

መጀመሪያ የወጣችው አንዲት ሴት ናት። ኮቷን እየለበሰች መንገዱን ተሻገረችና «ቲማቲም ልግዛ ብዬ ነው» አለች። ሁለተኛው ቃሪያ ፈልጎ ነው። ሦስተኛው ሽንኩርት አልቆበት ነው። አሥራ አንዱም ወጡ፤ ማማ የሚል ቃል ከአንድ ሰው አፍ አልወጣም። ወይዘሮ ዘርትሁን እየመዘኑ፣ ምራቂ እየጨመሩ፣ ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። በመጨረሻ አቶ ልሳነወርቅ በሩን ቆለፉና ክሩን እየጠቀለሉ መጡ። ለትርንጎ በሁለት እጃቸው መለሱላት።

ስድስት ሰዓት ሞላ። ትርንጎ ስልኳን አየችና ድምፅ አወጣች። ጠዋት የላከችው ሥራ ተለጥፏል። የሚያስማማው ሰው ወንበሩ ላይ አልነበረምና ማንም ሳይነካው ቀትር ደርሶ ነበር። «የከተማችን የውሃ ማማ ስንት ጣት ዘሟል?» ይላል፤ ከሥሩ ስድስት ከግማሽ። ደጋግማ አነበበችው። ለእናቷ አሳየቻቸው፤ ማንበብ እንደማይችል ሰው ጣታቸውን ቁጥሩ ላይ አድርገው ቆዩ።

ማማው እስካሁን ቆሟል። እኔም ቆሜ እጽፋለሁ፤ ዓይኔን ከእሱ አላነሣሁም፤ እግሬም አላረፈም። ከሥሩ ግን ሰው የለም። አጠገቤ አቶ ልሳነወርቅ መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ጣታቸውን ስልካቸው ላይ ዘርግተው ቁልፍ ሲፈልጉ ቆዩ። «ጎሽ» የሚለውን አለፉት። ቀጥሎ ያለውን ተጫኑ፤ ከትርንጎ ቁጥር ሥር «እኔም ሠራሁት፤ አንድ ሰው» የሚል ወጣ።

«ዝገን» አሉኝ፣ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው። ዘገንኩ።